የአብዬን ስታር ልጠግን ወይስ ወደ ማካሮቭ ልዙር?

ታኅሣሥ 3፣ 2015፣ ሐይቅ

የሽጉጡ ፈቃድ በስሜ ዞረ። ወረቀቱን ዛሬ ተቀበልኩ። ስለዚህ ሥራውም ዛሬ ይጀመራል።

ዕቃው የአባቴ ሽጉጥ ነው። ስታር ይባላል፤ እስፔን አገር ኤይባር ከተማ የተሠራ። ጥይቱ 9 ሚሊ ሜትር ፓራቤለም ነው። ካዝናው 8 ይጎርሳል። መልኩ የአሜሪካውን ኮልት ስለሚመስል ብዙ ሰው ከሩቅ አይቶ «ኮልት ናት» ይላል። ባዶዋን ከ1 ኪሎ በላይ ትመዝናለች።

በ2014 ጥቅምት፣ በጦርነቱ ደሴ ልትያዝ ስትል፣ አብዬ በፌስታል ጠቅልሎ ጆንያ ውስጥ ከተታትና በረት ውስጥ ቀበራት። ያኔ እንዲህ ያደረገ ሰው ብዙ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ኅዳር 27 ከተለቀቁ በኋላ አወጣት። ጨርቅ ቀይሮ ሳጥን ውስጥ አስቀመጣት እንጂ አልፈታትም። ታሞ ነበር። ክረምት ላይ አረፈ።

የበረት አፈር ደግሞ እርጥብ ነው፤ የከብት ሽንት የጠጣ ነው። ብረት ይበላል።

እኔ ወፍጮ ቤት አለኝ። የቀኑን ገንዘብ ይዤ አመሻሽ ላይ 2 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሬ እሄዳለሁ። ሽጉጥ የምይዘው ለዚህ ነው። የአብዬ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ፣ ድሮ ወታደር ነበር። እሱ በፈቃድ የያዘው ማካሮቭ የሚባል የሩሲያ ሥሪት ሽጉጥ አለው። «ይቺን ተዋትና ወደ ማካሮቭ ዙር» ይለኛል። እኔ ግን የአባቴን ዕቃ ሳልሞክራት መተው አልሆነልኝም። ሦስት ወር ለራሴ ሰጠሁ። የሠራሁትን፣ ያበላሸሁትንና ያወጣሁትን ብር እዚህ እጽፋለሁ።

ታኅሣሥ 9

ፈታኋት። ከዚያ በፊት ግን ካዝናዋን አወጣሁ፤ ስላይዱን (ከላይ ያለውን ተንሸራታች ብረት) ወደኋላ ስቤ ጉሮሮዋን፣ ማለትም ጥይት መጉረሻዋን፣ በዓይኔም በትንሽ ጣቴም አየሁ። ባዶ ናት። አብዬ ሁልጊዜ «ባዶ ናት ያሉት ነው ሰው የሚገድለው» ይል ነበር። ልጆቹን ወደ እናቴ ቤት ሰድጄ ነው የጀመርኩት።

አፈታቷ እንደ ኮልት ነው። ከአፈሙዙ ስር ያለውን ክዳን ጫን ብሎ የፊቱን ቀለበት ማዞር ነው። እኔ ጫን አላልኩም። ሞላው ከነክዳኑ ተስፈንጥሮ ከጤፍ ጆንያዎች ኋላ ገባ። አንድ ሰዓት ፈለግሁ። ይህን ሥራ የሚጀምር ሰው ባዶ ግድግዳ ፊት ለፊት ይቀመጥ፤ ክዳኑን በአውራ ጣቱ አጥብቆ ይያዝ።

ያገኘሁት ነገር ይህ ነው። ስላይዱ በግራ በኩል ዝገት አለው፤ ቀላል ነው። የካዝናው ሞላ ዝጎ ሁለት ቦታ ተጣብቋል። የእንጨት እጀታዋ በቀኝ በኩል ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። የበርሜሉ ውስጥ ከአፈሙዙ በኩል ደህና ነው። ከጥይት መጉረሻው በኩል በባትሪ ሳየው ጥቁር ነጠብጣብ ይታያል። ለጊዜው ቆሻሻ ነው ብዬ አለፍኩት።

ላምባ በቆርቆሮ ጣሳ ቀድቼ ትንንሾቹን ብረቶች ነከርኩ። እስከ ነገ ይቆዩ።

ታኅሣሥ 10

ትልቅ ስህተት ሠራሁ።

አንድ ጎረቤት «ዝገት በሎሚ ይለቃል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ይለቃል። የስላይዱን ግራ ጎን በሎሚ አሽቼ አደረ። ጠዋት ዝገቱ የለም። ጥቁሩ ቅብም የለም! ጣት የሚያህል ግራጫ ቦታ ቀረ። ያ ጥቁር ነገር ቀለም አይደለም። ብረቱ ራሱ በኬሚካል እንዲጠቁር ተደርጎ የተሠራ ስስ ሽፋን ነው። አሲድ ሲነካው ከዝገቱ ጋር አብሮ ይሄዳል። አሁን ያ ቦታ እርቃኑን ነው፤ በሐይቅ እርጥበት በሁለት ቀን መልሶ ይዝጋል።

ያደረግሁት፦ በሳሙና ውሃ አጠብኩ፤ ፀሐይ ላይ በደንብ አደረቅሁ፤ የስፌት መኪና ዘይት ቀባሁ። ከዚህ በኋላ በየሦስት ቀኑ ዘይት ይፈልጋል። ለቀረው ዝገት ዘይት የነካው ለስላሳ የነሐስ ብሩሽ ተጠቀምኩ። ቀስ ይላል እንጂ ጥቁሩን አይነካም።

ወጪ እስካሁን፦ ላምባ፣ ዘይት፣ ብሩሽና ጨርቅ 340 ብር።

ታኅሣሥ 22

እጀታው። ሽጉጧን ይዤ መዞር አልፈለግሁም፤ አይገባምም። ሁለቱን እንጨቶች ብቻ ነቅዬ ለአናጺ ወሰድኩ። ከእርጥብ ዋንዛ ሠራልኝ። ቆንጆ ነበር። በአምስተኛው ቀን ሲደርቅ ጠመመ፤ የብሎኑ ቀዳዳ ከብረቱ ቀዳዳ ጋር አልገጥም አለ።

ሁለተኛውን እኔው እንጨት አቀረብኩ። ጓሮ የተጣለ የአብዬ አሮጌ ድግር አለ። ወይራ ነው። ስንት ዓመት ፀሐይ የጠጣ፣ ከዚህ በላይ የሚደርቅ እንጨት የለም። አናጺው መጋዙ እስኪግል ታግሎ ቆረጠው። በሻካራ፣ ከዚያ በለስላሳ የብርጭቆ ወረቀት አሽተን የተልባ ዘይት ቀባነው። የእንጨቱ መስመር እንደሚወርድ ቡና ነው። ልክክ ብሎ ገጠመ። እጄ ውስጥ ስትገባ ሌላ ሆነች።

አናጺው ለሁለቱም 800 ብር ወሰደ። አይበዛበትም።

ያን ቀን አጎቴ ሊጠይቀን መጥቶ እጀታውን ሲያይ ዝም አለ። ድግሩን አወቀው። «የወንድሜ ነው?» ብቻ ነው ያለው።

ጥር 2

ጥይት። ይህን ክፍል ማንም ሽጉጥ ያለው ሰው ልብ ብሎ ቢያነበው ደስ ይለኛል።

አብዬ የተወልኝ ጥይት 31 ነው። አንድ ዘመድ ተጨማሪ 10 አሳየኝ። «9 ነው፤ ያው ነው» አለ። ፈቃድ የሌለው ጥይት ስለሆነ መጀመሪያውኑ አልቀበለውም ነበር። ግን ከራሴ ጥይት ጎን ሳቆመው አጠረብኝ። በማግስቱ ከአጎቴ የማካሮቭ ጥይት አንዱን እዚያው ቤቱ አስለክቼ አየሁ። ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ከደሴ ቶርኖ ቤት ተውሼ ነው የለካሁት።

ሁለቱም 9 ይባላሉ። አንድ አይደሉም። የስታሯ ፓራቤለም ቀለሁ ብቻ 19 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሙሉ ጥይቱ ወደ 30 ይጠጋል። የማካሮቩ ቀለህ 18 ነው፤ ሙሉው 25 ገደማ። ከሁሉም የሚያሳስበው ውፍረቱ ነው። የፓራቤለሙ አረር 9 ሚሊ ሜትር ሲሆን የማካሮቩ ከ9.2 ከፍ ይላል። ይህ ልዩነት በዓይን አይታይም። የማካሮቭን ጥይት ስታር ውስጥ ማስገባት ማለት የሰፋ አረር በጠበበ በርሜል እንዲያልፍ ማስገደድ ነው። እጅ ሊያሳጣ ይችላል። የስታሯን ጥይት ማካሮቭ ውስጥ መክተትም አይሆንም፤ ይረዝማል፣ ጉልበቱም ይበልጣል።

ማካሮቭ ከደርግ ዘመን ጀምሮ በወታደሩም በፖሊሱም እጅ የቆየ መሣሪያ ነው። ስለዚህ ጥይቱን የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው። «9» ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው የእሱን ነው። ስታር የያዘ ሰው ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ተሳስቶ የሚሰጠው ይበዛል።

ለዘመዴ ጥይቶቹን ወስዶ እንዲያስረክብ ነገርኩት። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ «ከድሮ የቀረ ነው» የሚለው መልስ አያድንም። ተቀየመኝ። ይለፍለት።

ጥር 13

ጥምቀትን ደሴ ዋልኩ። ሳልመለስ የካዝናውን ሞላ ለቶርኖ ቤቱ ሰጠሁ። ሰውየው «ሽጉጧን ራሷን አምጣትና እንለካት» አለኝ። አልሆነም አልኩት። ፈቃዱ የኔ ነው፤ ዕቃዋ ከኔ እጅ አትወጣም። አሮጌውን ሞላ ብቻ አይቶ ጠመዘዘልኝ። 300 ብር።

ቤት ወስጄ ስከተው ጥሩ ይገፋ ነበር። በባዶ ቀለህ ሞልቼ ሁለት ቀን አቆየሁት። ሳወጣው ከ14 ሳንቲ ሜትር ወደ 10 ወርዷል። ሽቦው የሞላ ሽቦ አልነበረም። ለስላሳ ነው፤ ሲታጠፍ እንደታጠፈ ይቀራል። 300 ብሩ ሄደ።

ጥር 24

ሁለተኛ ሞላ። አሁን ጠንካራ የሞላ ሽቦ ራሴ ፈልጌ ገዛሁ፤ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ሦስት ሱቅ ዞሬ። ሽቦውና ማስጠምዘዣው 550 ብር። ይሄኛው ደግሞ ከመጠን በላይ ረዘመ። 7 ጎርሶ ስምንተኛው አልገባ አለ። አንድ ዙር በፒንሳ ቆረጥኩ። ገባ። ሁለት ቀን አቆየሁት፤ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው የቀነሰው።

የመጀመሪያው ሞላ የተበላሸው በቶርኖው ሰው ሥራ አይደለም። እኔ የሽቦውን ዓይነት አልጠየቅሁም።

የካቲት 5

የመጀመሪያው የተኩስ ሙከራ። ከብዙ ምልልስ በኋላ ፖሊሶች በሚለማመዱበት ቦታ፣ በእነሱ ቀን፣ ሃምሳ አለቃው ባሉበት እንድንተኩስ ተፈቀደልን። ከጀርባ ገደል ያለበት ቦታ ነው። አጎቴም ማካሮቩን ይዞ መጣ። ሰርግና ለቅሶ ላይ ወደ ሰማይ የሚተኮስበት አገር ነው ያደግነው። የወጣው ጥይት አንድ ቦታ ላይ መውረዱ አይቀርም። ስለዚህ ይህን ፈቃድ መጠበቄ አይቆጨኝም።

ርቀቱ 15 ሜትር። እያንዳንዳቸው 16 ጥይት። ስታሯን መጀመሪያ በአሮጌው ሞላ፣ ቀጥሎ በአዲሱ ልሞክራት ብዬ ነበር። ሳስበው አሮጌው ምን እንደሚያደርግ ማየት ትምህርት ስለሆነ ነው።

አሮጌው ሞላ፣ 8 ጥይት። ስድስቱ ወጡ። ሰባተኛው አፍንጫውን ወደ ታች ደፍቶ ነከሰ። ካዝናውን አውጥቼ አስተካክዬ መለስኩ። ስምንተኛውም እንደዚያው። ሞላው ሊያልቅ ሲል ጉልበት የለውም ማለት ነው።

አዲሱ ሞላ፣ 8 ጥይት። ሁሉም ጎረሱ። ደስ ብሎኝ ነበር። ነገር ግን አምስተኛው ከተተኮሰ በኋላ ቀለሁ አልወጣም። ጉሮሮ ውስጥ ቀረ። ሃምሳ አለቃው አፈሙዙን ወደ ገደሉ እንዳዞርኩ ካዝናውን አስወጡኝና በእንጨት ዘንግ ከፊት ገፍተው አወጡት። ቀለሁን አገላብጠው አዩት። ጎኑ ላይ ትንንሽ ጉብታዎች አሉ።

ያ «ቆሻሻ» ብዬ ያለፍኩት ጥቁር ነጠብጣብ ቆሻሻ አልነበረም። ዝገት የበላው ጉድጓድ ነው። ጥይቱ ሲፈነዳ የቀለሁ ነሐስ ያብጥና ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ይነክሳል። ታኅሣሥ 9 ላይ በደንብ አይቼው ቢሆን ለሞላ ያወጣሁት ብር ይተርፈኝ ነበር።

የማካሮቩ 16 ጥይት አንድም አልነከሰም። አንድም።

በኢላማው ላይ ግን ስታሯ ትበልጣለች። ያወጣቻቸው ጥይቶች ሁለት መዳፍ በሚያህል ቦታ ውስጥ ናቸው። በማካሮቩ የተኮስኩት ሰፌድ ያህል ተበተነ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ስታሯ ከባድ ናት፤ በርሜሏ ይረዝማል፤ ምላጯ አጭርና ቀላል ነው። የማካሮቩ በርሜል 9 ሳንቲ ሜትር ከትንሽ ነው፤ ባዶው 730 ግራም ነው፤ የመጀመሪያዋን ጥይት ሲተኩሱ ምላጩ ረጅምና ከባድ ነው። የኔ የመጀመሪያ ጥይት ሁለቱንም ጊዜ ዝቅ ብሎ መታ።

የካቲት 7

ለጉድጓዱ መፍትሔ ፈለግሁ። አንዱ «በብርጭቆ ወረቀት አሽተህ አለስልሰው» አለኝ። አላደርገውም። ጉሮሮው ከሰፋ ቀለሁ ሊቀደድ ይችላል። ትክክለኛው መፍትሔ በርሜል መቀየር ብቻ ነው። የስታር ፋብሪካ ደግሞ በ1997 በፈረንጆች ተዘግቷል። አዲስ በርሜል የለም። ካዝናም እንደዚያው፤ ያለኝ አንድ ብቻ ነው። እሱ ቢጠፋ ወይ ቢጨፈለቅ ሽጉጧ አንድ ጥይት የምትጎርስ ብረት ትሆናለች።

የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ያረጀች ሽጉጥ አይደለችም። በደንብ የተያዘች ነበረች። አንድ ወር ከምናምን በበረት አፈር ውስጥ መቆየቷ ነው የጎዳት። አብዬ ደሴን ከሚይዙት ኃይሎች ሊደብቃት ነበር እንጂ ሊጎዳት አልነበረም። ሌላ ምን ያድርግ?

የካቲት 16

ስለ አያያዝ። ይህን ከሽጉጡ ስም በላይ አስፈላጊ ሆኖ አገኘሁት።

ስታሯ ምላጯ ሲሳብ ከኋላ ያለውን መዶሻ አታነሳም። በቅድሚያ መነሳት አለበት። ስለዚህ ጥይት ጎርሳ የምትያዘው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ መዶሻው ተነስቶ፣ ሴፍቲው ተቆልፎ። ልጆች ባሉበት ቤት አልሞክረውም። ሌላው ጉሮሮዋ ባዶ ሆኖ፣ ሲያስፈልግ ማቀባበል። አብዬ የሚያደርገው ይህንን ነበር። ደህና ነው፤ ግን ሁለት እጅ ይፈልጋል። አመሻሽ ላይ አንድ እጄ የገንዘብ ቦርሳ ይዟል።

ማካሮቭ ላይ ሴፍቲው ወደ ላይ ሲገፋ መዶሻውን ራሱ ያለ አደጋ ያወርደዋል። ሲፈለግ ወደ ታች ተጭኖ ምላጩን መሳብ ብቻ ነው። ያ ከባድ የመጀመሪያ ምላጭ ኢላማ ላይ ቢጎዳኝም ኪስ ውስጥ ያረጋጋል። አፈታቱም ቀላል ነው፤ የምላጩን ጠባቂ ቀለበት ወደ ታች ስቦ ስላይዱን ወደኋላና ወደ ላይ ማንሳት። ተስፈንጥሮ ጆንያ ኋላ የሚገባ ነገር የለም። ሞላው በርሜሉ ላይ ነው የተጠመጠመው።

ጉድለቱ የካዝናው መልቀቂያ ነው። ስታሯ ላይ ከምላጩ ኋላ ያለች ቁልፍ ናት፤ በአውራ ጣት ጫን ማለት ነው። ማካሮቩ ላይ እጀታው ስር ነው፤ ሌላው እጅ ወደኋላ መግፋት አለበት። አጎቴ ቤት ባዶውን ሃምሳ ጊዜ ተለማመድኩ። አውራ ጣቴ እስከ መጨረሻው የሌለችውን ቁልፍ ይፈልጋል።

ባለቤቴ ይህን ሁሉ አዳምጣ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው። «የትኛው ነው ቤት ውስጥ ሲቀመጥ እንቅልፍ የሚወስደኝ?» ለሁለቱም መልሱ አንድ ነው፤ ባዶ ሆኖ፣ ጥይቱ ለብቻ፣ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ። የሳጥኑን ቁልፍ ለመቀየር ወሰንን። በዚህ ሁሉ ሳምንት ያላሰብኩት እሱን ነበር።

የካቲት 28

አጎቴ ጋ ሄድኩ። ከሌላ ቦታ ማካሮቭ ለመፈለግ እንዳሰብኩ፣ ስታሯንም ለማስረከብ እንደሆነ ነገርኩት። ማስረከብ የሚለውን ቃል ስናገር ፊቱ ተለወጠ።

«የወንድሜን?» አለ። ቡና እስኪፈላ ዝም አልን። ከዚያ «አብሽር። የኔን ውሰድ፤ እሷን ለኔ ስጠኝ። እኔ ከእንግዲህ ማታ የትም አልሄድ» አለኝ።

እንዲህ ያለ ነገር አልጠበቅሁም። ማካሮቩ አብሮት ስንት ዓመት የኖረ ነው። እምቢ ብል ቅር ይለዋል። እሺ አልኩት። ግን በቃል አይሆንም አልኩ፤ ሁለቱም ፈቃድ በሕጉ እስኪዞር ማንም ዕቃውን አይለዋወጥም። «ልክ ነው» አለ። ያለ ወረቀት ከተለዋወጥን ሁለታችንም ያለ ፈቃድ የያዝን ነን።

ማካሮቩን በአዲስ ዓይን መረመርኩት። እሱ ፊት ፈታሁት። የጠፍጣፋው ሞላ ጉልበት ደህና ነው። አንድ ጠፍጣፋ ሞላ መዶሻውንም፣ የካዝናውን መልቀቂያም ይይዛል፤ እሱ ከደከመ ሁሉም ይደክማል። ጉሮሮውን በባትሪ ደጋግሜ አየሁ፤ አሁን ነጠብጣብ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ንጹህ ነው። ካዝናው ሁለት ነው። አንዱ ከንፈሩ ትንሽ ተከፍቷል፤ ለልምምድ ብቻ ይሁን ብዬ በቀለም ምልክት አደረግሁበት።

መጋቢት 6

ለሁለቱ ዝውውር ማመልከቻ አስገባን። የሁለቱን ሽጉጦች ቁጥር ራሴ ከብረቱ ላይ አንብቤ ጻፍኩ። የአብዬ አሮጌ ወረቀት ላይ አንድ አኃዝ ተሳስቶ ስለነበር ከፈቃዱ ቀድቼ አልጻፍኩም። ይህን ስህተት አሁን ባናየው ኖሮ ዝውውሩ ይቆም ነበር።

ወጪውን ደመርኩ። ማጽጃ 340፣ አናጺ 800፣ ሞላ 300 እና 550፣ ደሴ አራት ጊዜ ደርሶ መልስ 480። በድምሩ 2470 ብር፤ ጥይቱንና አዲሱን የሳጥን ቁልፍ ሳይጨምር።

መጋቢት 19

ተፈቀደ። ከሰዓት በኋላ ሃምሳ አለቃው ፊት ተቀያየርን።

ስታሯን ከመስጠቴ በፊት የመጨረሻ ጊዜ ፈታሁ። ክዳኑን በአውራ ጣቴ አጥብቄ ይዤ። ግራጫውን ቦታ ዘይት ቀባሁ። ጉሮሮው ስለተበላሸ እንዳትተኮስ ለአጎቴ በወረቀት ጽፌ ሳጥኗ ውስጥ አስገባሁ፤ ከእሱ በኋላ የሚያገኛት ሰውም እንዲያውቅ። አዲሱን ሞላ ካዝናው ውስጥ ተውኩት።

የወይራውን እጀታ ልንቀለው ብዬ ነበር፤ ለማስታወሻ። ካቻቢቴውን ብሎኑ ላይ ካደረግሁ በኋላ ተውኩት። አጎቴ ሲቀበላት መጀመሪያ የነካው እሱን ነው። በአውራ ጣቱ የእንጨቱን መስመር ተከትሎ ወደ ታች ወረደ።

በየሦስት ቀኑ ዘይት እንደምትፈልግ ነገርኩት። ቅዳሜ ሄጄ አያታለሁ።